የኮምቦልቻው ማደያ፦ ሊትሩ ሙሉ፣ ቃሉ ጎደሎ

ስሙን አልጠራም። ነገም የምቀዳው እዚያው ነው።

ኢሱዙ አለችኝ። ከኮምቦልቻ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጭኜ ደሴ አወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ሰው ግን በኪሎ ሜትር አይቆጥርም። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ የናፍጣው ጌጅ ዓይኔ እያየ ይወርዳል። እናቶቻችን ቅቤ የሚገዙት አሽትተው፣ ጫር አድርገው ነው። እኔም ማደያ የምመርጠው እንደዚያ ነው።

መልካሙን ላስቀድም። የዚህ ማደያ ልክ፣ ልክ ነው። ድሮ ሌላ ቦታ ስቀዳ ሁለት ምልልስ ይበቃኛል ያልኩት ናፍጣ አንድ ተኩል ላይ ያልቅብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተጠራጣሪ ሆኛለሁ። አንድ ቀን ጠዋት እዚህ መጥቼ "በመለኪያው አሳዩኝ" አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቀጂዋ ምንም ሳትል ገብታ ባለ 20 ሊትሩን የብረት መለኪያ ይዛ መጣች። አንገቱ ላይ መስመር ያለበት መስታወት አለው። ቀዳችበት። ቆጣሪው 20 ላይ ሲቆም ናፍጣው መስመሩን ነካ። አረፋው እስኪበርድ ጠብቀን ጎንበስ ብለን እንደገና አየን። ፀጉር ብታህል ነው የጎደለችው። "ይበቃዎታል ጋሼ ወይስ ይደገም?" አለችኝ። አፈርኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ "ዜሮ ነው፣ ይዩልኝ" ሳትለኝ አትጀምርም። ስትጨርስም የመቅጃውን ጎማ ከፍ አድርጋ ታራግፈዋለች። ውስጡ የቀረችው ጠብታ የኔ ናትና።

የንፋስ መሙያው ግን ከተበላሸ ከርሟል። ሽንት ቤቱ ሁሌ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ክፍያ በስልክ ነው፤ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ሰልፉ አስፋልት ድረስ ይወጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጣ ከዚህ ሁሉ ይተርፋል።

ዋጋ ሲጨምር ማደያውን የሚሳደብ ሰው ብዙ ነው። ይሄ ግፍ ነው። ዋጋው የሚቆረጠው አዲስ አበባ ነው፤ ማደያው ቁጥሩን ይቀይራል እንጂ አያወጣውም። ረዳቴም ይሄ ነገር አልገባው ብሎ ነበር። ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። የዩክሬን ጦርነት ሰሞን ስለነበር በዓለም ገበያ የድፍድፉ በርሜል 110 ዶላር ገደማ ነበር። በ2017 የገና ሰሞን በርሜሉ 80 ዶላር አካባቢ ወርዶ ሳለ እኛ በሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባን። "ዓለም ሲወርድ እኛ ምን ነክቶን ነው የምንወጣው?" አለኝ።

ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ አሰላሁለት። በ2014 ዶላር በባንክ 52 ብር ገደማ ነበር። 110 ሲባዛ በ52፣ በርሜሉ 5,720 ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። ለገና ዶላሩ 126 ብር አካባቢ ደርሷል። 80 ሲባዛ በ126፣ 10,080 ብር። በዶላር የረከሰው በርሜል በብር ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ። ማጣሪያው፣ መርከቡ፣ ከጅቡቲ የሚያመጣው ቦቴ ገና አልተቆጠሩም። የመንግሥት ድጎማውም ከ2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ነበር። ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የተተወላቸው ድጎማ ነበር፤ የኔዋ የጭነት ናት፣ አይመለከታትም። "ስለዚህ ናፍጣ የምንገዛው ሁለቴ ነዋ፣ መጀመሪያ ዶላሩን፣ ከዚያ ናፍጣውን" አለ። ልጁ ጭንቅላት አለው።

ይሄው ልጅ ነው ሚያዝያ 2012 ላይ የአሜሪካ ድፍድፍ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ወረደ የሚል ዜና ስልኩ ላይ አንብቦ "ጀሪካን ይዘን እንሂድ" ያለኝ። በኮሮናው የሚገዛ ጠፍቶ፣ ማስቀመጫው ሞልቶ፣ ውል የያዙት ነጋዴዎች ውሰዱልን ብለው ገንዘብ እየከፈሉ ነበር። ሐረጎ ላይ ግን ያን ቀንም በነፃ አልወጣንም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሰኔ 2017 እስራኤልና ኢራን ገጠሙ። ኢራን ደጃፍ ያለው የሆርሙዝ ሰርጥ ሊዘጋ ነው ተባለ። ዓለም በቀን ከሚጠቀመው ነዳጅ አንድ አምስተኛ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያ ነበር። 70 ዶላር ያልሞላው በርሜል በቀናት ውስጥ 80ን ነካ። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ማደያው በር ላይ ገመድ ተወጥሯል። "ናፍጣ አልቋል።" ማታ ቦቴ ገብቶ ሲያራግፍ በዓይኔ አይቻለሁ! ሰርጡ ሳይዘጋ ማደያው ተዘጋ። እኔ ሲሚንቶ እንደጫንኩ ሁለት ቀን ቆምኩ። ጦርነቱ በ12 ቀን ሲቆም በርሜሉ ወደነበረበት ተመለሰ። ገመዱም ተፈታ።

ሰልፉ ላይ አጠገቤ የነበሩት አዛውንት የድሮ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ ይመላለሱ ነበር፤ የዚያው የነዳጅ ማጣሪያ ሳይዘጋ። በ1966 አረቦቹ ነዳጅ ከልክለው በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ሲተኮስ፣ የካቲት ላይም የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቤንዚን ጭማሪ ሥራ ሲያቆሙ ወጣት ነበሩ። "ያኔም እንዲህ ገመድ ይወጠር ነበር አባቴ?" አልኳቸው። ገመዱን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። "ያኔ የለም ሲሉን የለም ነበር" አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ድረስ ገብቼ አነጋገርኩት። "ልክህን ወድጄዋለሁ፣ ልጅቷንም አመስግንልኝ። አልቋል አትበለን እንጂ፤ አልሸጥም በለንና ቁርጣችንን እንወቅ" አልኩት። ሳቀ። ሻይ አዘዘልኝ። "አብሽር፣ አይደገምም" አለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ስቀዳ ገመዱን አየሁት። በሩ ሥር በደንብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።