የሠራተኛ መቆጣጠሪያ የስልክ መተግበሪያ በግንባታ ሳይት፦ ከአንድ ዓመት በላይ ተጠቅመንበት ያየነው

ይህ ግምገማ የሚመለከተው አዲስ አበባ ለቡ አካባቢ በምንሠራው ሕንፃ ላይ የሠራተኛ አቴንዳንስ፣ የሥራ ሰዓትና ክፍያ ለመቆጣጠር ከአንድ ዓመት በላይ የተጠቀምንበትን የውጭ አገር ሥሪት የሆነ የስልክ መተግበሪያ ነው። ማስታወቂያም ወቀሳም እንዳይመስል ስሙን አልጠቅስም። መተግበሪያው ማን፣ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ በመመዝገብ ረገድ ገንዘቡን የሚያስቆጭ አይደለም፤ የትርፍ ሰዓት ስሌቱና የቀን አቆጣጠሩ ግን እኛን አስቦ የተሠራ ባለመሆኑ ያለ ሰው እርማት የሚታመን አይደለም።

ቀደም ሲል ታይም ኪፐሩ (የሠራተኛ ሰዓት መዝጋቢው) ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፣ ከሰዓት በኋላም ይደግማል፣ ወረቀቱም በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ቢሮ ይላካል። ጭቅጭቁ የሚነሳው በክፍያው ዕለት ነበር፤ ሠራተኛው «ያን ቀን ነበርኩ» ይላል፣ ወረቀቱ «አልነበረም» ይላል፣ ፎርማኑም እንደ ዝምድናው ይመሰክራል። ግንበኛው፣ አናጢው፣ የፌሮ ሠራተኛውና የቀን ሠራተኛው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት በሚለዋወጥበት ሳይት፣ በተለይም ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) በሚሞላበት ዕለት፣ ሳይት ያልረገጠ ሰው ስም ዝርዝሩ ውስጥ ቢገባ ማንም አያውቅም ነበር።

መተግበሪያው የታሰበው እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ዘመናዊ ስልክ ይዞ መግቢያና መውጫውን ራሱ እንዲመዘግብ ነው። ከቀን ሠራተኞቻችን ብዙዎቹ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ይህ አልሠራልንም። በምትኩ አንድ ስልክ በጥበቃው ቤት መስኮት ላይ አስረን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ኪውአር ኮድ ያለበት በላስቲክ የታሸገ ካርድ ሰጠን። ካርዱ ሲነበብ ስልኩ ፎቶ ስለሚያነሳ የሌላ ሰው ካርድ ይዞ የሚገባ ማታ ላይ በአንድ እይታ ይታወቃል። የጣት አሻራ ማንበቢያ የሚመክሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ሲሚንቶ ሲያቦካ የሚውል ሰው የጣቱ ቆዳ ስለሚፋቅ መሣሪያው ደጋግሞ አላውቅህም ይለዋል። ለግንባታ ሳይት ካርድና ፎቶ ይሻላል።

ለፎርማኖች የተሰጠው የጂፒኤስ ክትትል ብዙም አልጠቀመንም። ሜዳ ላይ ጥሩ ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ ወይም ከሶሌታ ሥር የቆመ ፎርማን ግን ከአስፋልቱ ማዶ እንዳለ ተደርጎ ይታያል። መተግበሪያው ሳይት ብሎ የሚቆጥረውን ክልል ስናሰፋው ደግሞ ሻይ ቤት የተቀመጠውም ሥራ ላይ ያለ መሰለ።

በቅርብ ሊታይ የሚገባው የትርፍ ሰዓት ጉዳይ ነው። አርማታ ሙሌት ከተጀመረ መሃል ላይ ቢቋረጥ መጋጠሚያው ስለሚደክም መሸ ተብሎ አይተውም። አንድ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት የገባው ቡድን የአንድ ሰዓት የምግብ ዕረፍት ወስዶ የ8 ሰዓት መደበኛ ሥራውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጨረሰ፣ ሙሌቱ ግን ያለቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የአንድ ሰዓት በ1.5 እና የሦስት ሰዓት በ1.75፣ በድምሩ የ6.75 መደበኛ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል። መተግበሪያው የሚቀበለው አንድ ማባዣ ብቻ ነው፣ የተሞላውም 1.5 ነበር፤ በዚያ ላይ ቀኑን የሚቆርጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በመሆኑ የመጨረሻዋን ሰዓት የማግስቱ መደበኛ ሰዓት አድርጎ ቆጠራት። ውጤቱ 5.5 ሆነ። በአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ከሩብ ክፍያ ጎደለ ማለት ነው፤ ሙሌት ላይ ባደረው ቡድን ሲባዛ ቀላል አይደለም፣ ሠራተኛውም ሂሳቡን ከማንኛችንም በተሻለ ያውቀዋል። አሁን የሌሊት ሥራ ሰዓቱን ብቻ ከመተግበሪያው ወስደን ስሌቱን በኤክሴል እንሠራለን። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ደግሞ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አዋጁ የደነገገውን የሚያስጠነቅቅበት መንገድም የለውም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጎድለው ይህ ነው።

የቀን አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ አለው። ክፍያችን ከወሩ 1 እስከ 15 እና ከ16 እስከ 30 ስለሆነ፣ ለምሳሌ የመስከረም የመጀመሪያው ክፍያ በመተግበሪያው ላይ ከሴፕቴምበር 11 እስከ 25 ተብሎ በእጅ መሞላት አለበት፤ ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ለብቻዋ አጭር የክፍያ ጊዜ ትከፈትላታለች። በዓላትም እንዲሁ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ2.5 ስለሚከፈል አንዱን በዓል መርሳት ዋጋ ያስከፍላል።

የስም አመዘጋገቡ ሌላው ነው። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ዝርዝሩን በአባት ስም ይደረድራል። ፍለጋውም «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሀይሉ» ብሎ ለጻፈ አያገኝም፤ በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እናገኘው ነበር። መፍትሔው በስም ሳይሆን በካርድ ቁጥር መፈለግ ሆነ። ወደ ኤክሴል የሚላከው ፋይል ቀጥታ ሲከፈት የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ከኤክሴል ውስጥ ዩቲኤፍ-8 የተባለው የፊደል ኮድ ተመርጦ ሲገባ ግን በትክክል ይነበባል።

ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን ስልኩ ላይ አቆይቶ በኋላ መላኩ እንደተባለው ይሠራል፤ መብራት በጠፋባቸው ቀናትም በፓወር ባንክ ውሏል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ክፍያውን የምንፈጽመው በቴሌብር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን ለካርድ መሙያ ብቻ የመጣ ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ግን የቀን ሠራተኛው ባለ ቁልፍ ስልኩን ይዞ ብሩን ይቀበላል፣ እኛም በክፍያ ዕለት ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዞ ወደ ሳይት ከመሄድ ተገላግለናል። መተግበሪያው ከቴሌብር ጋር ስለማይገናኝ የተጣራው ዝርዝር ለብቻው ተዘጋጅቶ ይላካል።

ዋጋው በዶላርና በተመዝጋቢ ሰው ቁጥር ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የተተመነ አገልግሎት በብር ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አያሻም። ሥራውን የለቀቀ ሰው ከዝርዝሩ ካልተሰረዘ ስለሚከፈልበት፣ በየክፍያው ማግስት ዝርዝሩን ማጽዳት የታይም ኪፐሩ ግዴታ ሆኗል።

ሥራ መደልደያው ክፍል ጥቅም የለውም። ማን የቱን ግድግዳ እንደሚገነባ፣ ብሎኬት የት እንደጎደለ ፎርማኖቹ በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶና የድምፅ መልእክት ይለዋወጣሉ። ቁርጥ ሥራ የወሰደ ቡድን ደግሞ የሚከፈለው በካሬ ሜትር እንጂ በሰዓት ስላልሆነ ካርድ ማስነበቡ ለደኅንነት ቆጠራ ካልሆነ በቀር ትርጉም የለውም።

ያልጠበቅኩት የሠራተኞቹን አቀባበል ነው። መጀመሪያ ላይ ፎቶው ለምንድን ነው የሚል ጉርምርምታ ነበር፤ ተገቢም ነበር፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ አሠሪ ይህን በቸልታ ሊያልፈው አይገባም። ፎቶዎቹ ክፍያው ተፈጽሞ ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሲያልፍ እንደሚሰረዙ አስረዳን፣ እንሰርዛቸዋለንም። ከዚያ በኋላ ማታ ሲወጡ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «እስቲ ሰዓቴን አሳየኝ» የሚሉት በዙ። አንድ አንጋፋ ግንበኛ በራሱ ደብተር የያዘውን ከስልኩ ጋር እያመሳከረ ነው የሚወጣው፤ ሲለያይም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ሆኖ የሚገኘው የእሱ ደብተር ነው፣ ምክንያቱም የሚለያየው የሌሊት ሥራ ባለበት ቀን ነው።

ውሉን ለቀጣዩ ዓመት የምናድሰው የአቴንዳንሱን ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የደመወዝና የሥራ ድልድል ጥቅሉን ትተነዋል። ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ላለው ትንሽ ሳይት ወረቀትና ታማኝ ታይም ኪፐር ይበቃል፤ የቀን ሠራተኛው በየሳምንቱ ለሚቀያየርበት ሳይት ግን የበሩን ስልክና ካርዱን እመክራለሁ፤ የሌሊት ሥራ ስሌቱን ከመክፈላቸው በፊት በእጅ እስካጣሩት ድረስ።