የጀልባ ክዳን፦ በጎማ የሚታሸግ ወይስ ውሃውን የሚያፈስ?

በኮምፔንሳቶ ጀልባ ስሠራ በጣም ያደከመኝ የዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከሥሩ ጎማ ተለጥፎበት በመቆለፊያ የሚጨመቀውን ነው። በደንብ ከተሠራ ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ ውሃ አያስገባም። ግን ጎማው ዙሪያውን እኩል መጨመቅ አለበት። የእኔ ክዳን 6 ሚሊሜትር ብቻ ስለነበር በሁለቱ መቆለፊያዎች መካከል ጎበጠ፤ ወረቀት አስገብቼ ክዳኑን ዘግቼ ስስበው ሾልኮ ወጣ። ከሥሩ እንጨት ለጥፌ አጠንክሬው፣ መቆለፊያዎቹንም አራት ካደረግኩ በኋላ ነው ወረቀቱን የያዘው። ጎማውም ውሃ የማይመጥ ይሁን፤ የፍራሽ ስፖንጅ በፍጹም አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ በመክፈቻው ዙሪያ ከፍ ያለ የእንጨት ከንፈር አቁሞ ክዳኑን እንደ መሶብ ክዳን ከላይ ማልበስ ነው። ከከንፈሩ ውጭ ያለው ቦይ የገባውን ውሃ ወደ ጀልባው ጠርዝ ያፈሰዋል። የሚያረጅ ጎማ የለውም፤ ዝናብንና የማዕበል ፍንጣቂን ይችላል። ጀልባው ከተገለበጠ ግን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል አየር ይዞ ጀልባውን እንዲያንሳፍፍ ከታሰበ፣ ያለ ማመንታት ጎማውን እመርጣለሁ፤ የሰው ሕይወት አለበት። አንድ ነገር ብቻ፦ ፀሐይ ያሞቀው አየር ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ተኮማትሮ ውሃ በክዳኑ ይስባል። አየሩ በዚያ እንዲተነፍስ፣ ሰው በሚቀመጥበት በኩል ባለው የክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ አድርጋችሁ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱለት።