በእጅ የሚገፋ ትንሽ ግንድ መሰንጠቂያ ጠንካራ እንጨት ላይ ሲፈተን

እዚህ የሚገመገመው ማሽን ብዙ ፋብሪካዎች በተለያየ ቀለምና ስም የሚያወጡት አንድ ዓይነት ነው። በሁለት ሐዲድ ላይ በእጅ ይገፋል፤ ከ13 እስከ 14 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ተጭኖበታል፤ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ላማ በሁለት ጎማዎች ላይ እንደ ቀበቶ ይዞራል። አብዛኞቹ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ይቀበላሉ፤ የሚወጣው ጣውላ ስፋት ግን ከ55 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለስላሳ እንጨት ላይ ሁሉም ጥሩ ይመስላሉ። ግራር፣ ኦክ ወይም ዕድሜ የጠገበ ባሕር ዛፍ ሲጫንባቸው ነው ማንነታቸው የሚለየው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ማሽኑ ጠንካራ እንጨት ይሰነጥቃል፣ በሚገባም ይሰነጥቃል። ነገር ግን ገዢው ለማሽኑ ያሰበውን ያህል ለላማና ለስለት ካላሰበ፣ ብዙ ሳይቆይ ሞገድ የመሰለ ጣውላ እያወጣ ይቆማል።

በመጀመሪያ ይህ ማሽን የሚመሰገንበትን ነገር በቁጥር እንየው። ቀጭኑ ጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ውስጥ የሚገኘው ትልቁ አራት ማዕዘን 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እናውጣ። ይህ ላማ በአንድ መንገድ፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሲያልፍ፣ የሚበላው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 10 ጣውላ ይወጣል። ተመሳሳዩን ግንድ በሰንሰለት መጋዝ ብንሰነጥቀው በየመንገዱ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ሆኖ ይሄድና 8 ብቻ እናገኛለን። ከአንድ ግንድ ሁለት ጣውላ! ውድ እንጨት ለሚሰነጥቅ ሰው ማሽኑን ለመግዛት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ላማው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው አንድ ወይም ሁለት ላማ ብዙውን ጊዜ ለሁሉም እንጨት ተብሎ የተሰራ፣ የጥርሱ ፊት 10 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ለመካከለኛ እንጨት ይሆናል። ለደረቀና ለጠንካራ እንጨት፣ በተለይም ጉጥ ለበዛበት፣ ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ያለው ይሻላል፤ ጥርሱ እንጨቱን ቦጭቆ ስለማይጎትት ሞተሩም አይታነቅም፣ ላማውም ጉጥ ላይ አይዘልም። የላማው ውፍረት 1.07 ወይም 1.14 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሶቹ ርቀት 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለዚህ ሞተር ጉልበት ይስማማል። ወፍራም ላማ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ተብሎ 1.4 ሚሊ ሜትር የሚገዛ አለ፤ ለትንንሽ ጎማዎች ግን አይመከርም። ጎማው ላይ በታጠፈ ቁጥር ስለሚደክም ከጥርሱ ሥር ቶሎ ይሰነጠቃል።

የጥርሶቹ ወደ ግራና ቀኝ መከፈት ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። ለጠንካራ እንጨት በእያንዳንዱ ጎን ከ0.45 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚህ ካነሰ ላማው እንጨቱን እየታከከ ይሞቃል፤ ከበዛ ደግሞ ጣውላው ፊት ላይ ጥልቅ ጭረት ይቀራል፣ ሞተሩም ያለ ጥቅም ይደክማል። በአንድ ጎን ያለው ከሌላው ከበለጠ ላማው ወደዚያው ጎን ይጎትታል፤ ጣውላው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየወጣ ወይም እየወረደ ከሄደ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

ጣውላው ራሱ ብዙ ይናገራል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ላማ 180 ያህል ጥርስ አለው፤ በሴኮንድ 25 ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ ስድስት ጊዜ ያህል ይዞራል። የማሽኑ ራስ፣ ማለትም ሞተሩንና ላማውን ይዞ የሚገፋው ክፍል፣ በሴኮንድ 5 ሳንቲ ሜትር እየሄደ ከሆነ፣ አንድ ጥርስ ብቻ ከሌሎቹ ወጥቶ ቢቀር ጣውላው ላይ በየ8 ሚሊ ሜትሩ አንድ ተሻጋሪ ጭረት ይታያል። ጣትን በጣውላው ላይ ሲያሳልፉት ይቆረቁራል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ሌላ ነገር መነካካት አያስፈልግም፤ ላማውን አውርዶ ያችን ጥርስ መፈለግ ነው።

ጠንካራ እንጨት ላይ አንድ ስለት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ንጹሕ ሥራ ይሰጣል። ቅርፊቱ ውስጥ አሸዋና አፈር ካለ ግን በአንድ ግንድ ያልቃል፤ ስለዚህ ግንዱን በመሬት እየጎተቱ ማምጣት ቀርቶ፣ ቢያንስ ላማው የሚገባበትን መስመር በመጥረቢያ መላጥ ትልቅ ቁጠባ ነው። ላማው መደነዙን ለማወቅ ጣውላው እስኪጣመም መጠበቅ የለበትም። ሰጋቱራውን በእጅ ይዞ ማየት ይበቃል፦ ስለት ያለው ላማ በተገቢው ፍጥነት ሲገፋ ደረቅ ፍርፋሪ ይወረውራል፤ የደነዘዘ ወይም በጣም በዝግታ የሚገፋ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያወጣል። ድምፁም ይለወጣል፤ ሞተሩ እየከበደው ይሄዳል፣ ገፊው ሰው ክንዱ ላይ ይሰማዋል። ወዲያው ማውረድ ነው። ደንዝዞ የተሰራበት ላማ በስለት የሚመለስ ቢመስልም፣ ከጥርሱ ሥር ስንጥቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ቀን ይበጠሳል። ስለት በሚወጣበት ጊዜ ጥርሱን ጫፉን ብቻ መንካት አይበቃም፤ ድንጋዩ ከጥርሱ ፊት ጀምሮ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ሁሉ ማለፍ አለበት። ስለት የሚወጣው ራቅ ብሎ ከሆነ ከ10 ያላነሰ ላማ ይዞ መጀመር ይሻላል።

የማሽኑ ትልቁ ድክመት ከላማው ሳይሆን ግንዱ ከሚያርፍበት አልጋ ይመጣል። ሐዲዱ በሁለት ወይም በሦስት ቁራጭ መጥቶ በቡሎን ይያያዛል፤ እግሮቹም ቀጭን ናቸው። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ ጠንካራ ግንድ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት ከአንድ ጎን እየተንከባለለ አልጋው ላይ ሲያርፍ አፈር ላይ የቆመ እግር መስመጡ አይቀርም። በውሃ ልክ ብቻ ማስተካከልም አሳሳች ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ከዳር እስከ ዳር ክር ተወጥሮ፣ ደግሞም በሰያፍ ተሻግሮ መታየት አለበት። የተጠማዘዘ አልጋ የተጠማዘዘ ጣውላ ያወጣል፣ ማንም ላማ አያድነውም። ኮንክሪት ወይም ወፍራም የእንጨት ወራጅ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ግንዶች በኋላም ክሩ እንደገና ይወጠር።

ሞገድ የመሰለ ጣውላ ሲወጣ ብዙ ሰው ሞተሩን ይወቅሳል። ምክንያቶቹ በቅደም ተከተል ሲታዩ የደነዘዘ ላማ፣ የላላ ላማ፣ ችኮላ፣ ከዚያም ላማውን በግንዱ ግራና ቀኝ ደግፈው የሚመሩት የመሪ ሮለሮቹ አቀማመጥ ናቸው። ላማው ሲሞቅ ይረዝማልና ጠዋት የተወጠረው ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ ይላላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መንገድ በኋላ ውጥረቱን እንደገና መፈተሽ ግዴታ ነው። የውጥረቱ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ በማኑዋሉ የተጻፈውን መያዝ ነው። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ይላላ፤ ተወጥሮ ያደረ ላማ በከንቱ ይደክማል፣ ጎማው ላይ ያለው ቺንጊያም ጠፍጣፋ ምልክት ይይዛል።

ሁለቱ መሪ ሮለሮች ላማውን ከጎማዎቹ መስመር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች ሊገፉት ይገባል። የሮለሩ ከንፈር ከላማው ጀርባ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ያለማቋረጥ ከነካው የላማውን ጀርባ ያጠነክረውና ይሰነጥቀዋል። ተንቀሳቃሹን መሪ ደግሞ ወደ ግንዱ በተቻለ መጠን ማስጠጋት። ብዙ ሰው ሰፊው ቦታ ላይ ትቶት ጠባብ ግንድ ይሰነጥቃል፤ መሃል ላይ ላማው ያለ ድጋፍ ስለሚቀር ጉጥ ባገኘ ቁጥር ይወዛወዛል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠንካራ እንጨት ላይ 3 ሜትሩን በአንድ ደቂቃ ያህል መጨረስ ጤናማ ፍጥነት ነው። ጉጥ ሲመጣ ቀነስ ይደረግ፤ መቆም ግን አይገባም፣ ላማው በአንድ ቦታ እየታሸ ይግላልና።

የከፍታ መለኪያው በቂ ነው ከማለት ያለፈ አይወደስም። ማግኔት የተለጠፈበት ሜትርና አንድ ጠቋሚ ነው። የማሽኑን ራስ የሚያወጡትና የሚያወርዱት ቪቴዎች መጠነኛ ልልነት አላቸው፤ ስለዚህ ምልክቱን አልፎ ቢወርድ ወደ ላይ መመለስና እንደገና ከላይ ወደ ታች መድረስ ይገባል። ሁልጊዜ እየወረዱ የሚደርሱበት ልኬት የታመነ ነው። የላማው 2 ሚሊ ሜትርም አይረሳ፤ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ለማግኘት ራሱ 27 ይወርዳል። ደርቆና ተላግቶ 25 እንዲቀር ከተፈለገ ደግሞ እርጥቡ ከ28 እስከ 30 መሰንጠቅ አለበት።

ግንዱ አንድ ጫፉ ስለሚቀጥን ዝም ብሎ ከተቀመጠ የግንዱ እምብርት ከላማው ጋር ትይዩ አይሆንም። ቀጭኑ ጫፍ ሥር ሽብልቅ ገብቶ ከሁለቱም ጫፍ እምብርቱ ከአልጋው እኩል ርቀት ላይ እንዲሆን መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ መሣሪያ ላይ ይህን የሚያግዝ ነገር የለም፤ ግንድ የሚያዞር ክንድም የለውም። መንጠቆ ያለው ረጅም ዘንግ ለብቻው መገዛት አለበት፣ ለትልቅ ግንድም ሁለት ሰው።

ባሕር ዛፍ ለብቻው ይነሳ። የውጪው ክፍል ዛፉ በቆመበት ጊዜ ተወጥሮ ያደገ፣ መሃሉ ደግሞ የተጨመቀ ነው። ከላይ የመጀመሪያው ሽፋን ሲነሳ የሽፋኑ ጫፎች ወደ ላይ ሲነሱ በዓይን ይታያል፤ የቀረው ግንድ በተቃራኒው መሃሉን ወደ ላይ ያጎብጣል። ይህን ሳያዩ ከአንድ ጎን ብቻ የቀጠሉ እንደሆነ የሚወጣው ጣውላ መሃሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ቀጭን ይሆናል። መፍትሔው ከአንድ ጎን አንድ ሁለት አንስቶ ግንዱን ግማሽ ዙር ማገላበጥና ከተቃራኒው ጎን ተመሳሳዩን ማንሳት ነው፤ እምብርቱ መሃል እስኪቀር ድረስ እያፈራረቁ። አድካሚ ነው፣ ማሽኑም አያግዝም፤ ሌላ መንገድ ግን የለም። እምብርቱን የያዘው ጣውላ ስለሚሰነጠቅ ለመልካም ሥራ አይቀመጥ።

ሞተሩ ብዙ ቅሬታ የለበትም። 389 ሲሲ የሆነው ዓይነት 1.1 ሊትር ዘይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ቅያሪ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። በሙሉ ጭነት በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሊትር ቤንዚን ይበላል። የሚገድለው ሰጋቱራ ነው፦ የአየር ማጣሪያው በየቀኑ ይራገፍ፣ የሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ክንፎችም ይጽዱ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከመጣ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ቺንጊያ ላልቷል ማለት ነው።

የውሃ ታንኩ ትንሽ፣ ቧንቧውም ርካሽ ነው፤ ግን ይሰራል። ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ እየተንጠባጠበ ላማውን ካጠበ ሙጫ አይጣበቅበትም። መጉረፍ የለበትም። ኦክ ላይ እርጥብ ሰጋቱራ ተጣብቆ ካደረ ብረቱና የእንጨቱ አሲድ ተዋህደው ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋሉ፤ ከመደርደሩ በፊት ጣውላው ይጠረግ። በነገራችን ላይ ይኸው ውህደት ከአደጋም ያድናል፦ በግንዱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር ጥላ ከታየ ውስጡ ምስማር ወይም ሽቦ ሊኖር ይችላል። ከአጥርና ከመኖሪያ ግቢ የመጣ ግንድ በብረት ፈላጊ ሳይፈተሽ አይጫን።

የተሰነጠቀው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር በሆኑ መለያ እንጨቶች ላይ፣ በየ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትሩ፣ አንዱ በአንዱ አናት ላይ በቀጥታ እንዲያርፍ ተደርጎ ይደረደር። ጫፎቹ ወዲያው ቀለም ወይም ሰም ይቀቡ። ለ25 ሚሊ ሜትር አንድ ዓመት ጥላ ሥር የሚለው የቆየ ግምት ለጠንካራ እንጨት አሁንም ይሠራል።

ስለ ደኅንነት፦ ሽፋኖቹ ጠንካራ ናቸው፣ በላማው መውጫ በኩል ግን ማንም እንዳይቆም። ላማ ሲቀየር ሞተሩ ጠፍቶ የካንዴላው ገመድ ይነቀል፤ ወፍራም ጓንቲና መነጽር ይደረግ፣ የታጠፈ ላማ ሲፈታ እንደ ሞላ ይወረወራልና። የአፍንጫ መሸፈኛም እንደ ትርፍ አይታይ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መደብ ውስጥ አስገብቶታል።

በሳምንት ጥቂት ግንድ ለሚሰነጥቅ አናጺ ወይም የራሱ ዛፍ ላለው ሰው ይህ ማሽን ተገቢ ግዢ ነው። በየቀኑ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጠንካራ ግንድ ለሚቀበል ግን ወገብ ይጨርሳል፤ ሃይድሮሊክ ያለውን ይፈልግ። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹን በእጅዎ ያዙሩ፤ ላማው ሳይንሸራተት፣ የጥርሶቹ ሥር ከጎማው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ መሄድ አለበት። ኩሽኔታዎቹ ድምፅ እንዳላቸው ያዳምጡ፣ ቺንጊያውና መሪ ሮለሮቹ መለዋወጫ እንዳላቸው፣ ላማውም በየትኛው ርዝመት እንደሚገኝ ይጠይቁ።