«ገርልፍሬንድ» ወይስ «አልተርድ ቢስት»? የማቲው ስዊት ሁለት አልበሞች

አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ማቲው ስዊት ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን «ገርልፍሬንድ»ን ነው፤ ይገባዋልም። ከበሮው ኤኮ ስላልበዛበት ደረቅና ቅርብ ሆኖ ይሰማል። የሮበርት ኳይንና የሪቻርድ ሎይድ ሊድ (መሪ) ጊታር ከዘፋኙ ድምፅ ጎን ጥርት ብሎ ይወጣል። ዜማዎቹ አንዴ ከተሰሙ አይለቁም።

የ1993ቱ «አልተርድ ቢስት» ግን ያለ አግባብ የተዘነጋ ነው። ፕሮዲውሰሩ በሮክ ባንዱ ፍሊትዉድ ማክ «ሩመርስ» አልበም ላይ የሠራው ሪቻርድ ዳሹት ሲሆን፣ የባንዱ ከበሮ መቺ ሚክ ፍሊትዉድ ራሱም ከበሮ ከመቱት አንዱ ነው። ጊታሩ እዚህ ሻካራና ድርብርብ ነው፤ ስሜቱም ይጠቁራል። ብዙ ሰው የሚተወው በመክፈቻው «ዳይነሰር አክት» ክብደት ደንግጦ ነው። በትንሽ የስልክ ስፒከር ሲሰማ ደግሞ ጊታሮቹ የዘፋኙን ድምፅ ይውጡታል፣ ከሥር ያለው ዜማም ይጠፋል።

ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከ4ኛው ትራክ «ታይም ካፕሱል» ይጀመር። ቀጥሎ 3ኛውና 9ኛው ትራክ ተከታትለው ይሰሙ፦ «ዘ አግሊ ትሩዝ» የተባለው አንድ ዘፈን በሁለት አቀራረብ ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ፍርጥም ያለ ሮክ ነው። ለመጀመሪያ ትውውቅ «ገርልፍሬንድ» ይቀላል። ደጋግሞ ለሚሰማ ግን ምርጫችን ያለማመንታት «አልተርድ ቢስት» ነው፤ በየዙሩ አዲስ ነገር ይገኝበታል።