ጎርቴክስ ቡት ለፏፏቴና ለዱር አበባ መንገድ ምን ያህል ይበጃል?

በበረዷማ ተራሮች ፏፏቴው የሚሞላውም፣ የመስኩ አበባ የሚፈካውም በረዶው በሚቀልጥበት ሰሞን ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ሣሩ ጤዛ፣ ጅረቱ ሙሉ ይሆናል። ለዚህ ጉዞ ጎርቴክስ ያለው ቡት ይበቃል የሚለው ሐሳብ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

ጎርቴክስ ከቡቱ ውጨኛ ጨርቅ ሥር የሚገባ ሽፋን ነው፤ ለረጅም ዓመታት የተሠራው ቦብ ጎር በ1969 እ.ኤ.አ. ካገኘው፣ ተለጥጦ ከሳሳ ቴፍሎን ነበር። ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያሳልፉም፤ የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣሉ። ስለዚህ ጤዛ፣ ጭቃና ከቁርጭምጭሚት በታች ያለ ውሃ ላይ ቡቱ በጣም ጥሩ ነው። ውሃው በአንገቱ በኩል ከገባ ግን እንዳይገባ የከለከለው ሽፋን እንዳይወጣም ይከለክለዋል። ሽፋን የሌለው ስስ ጫማ እየተራመዱበት ውሃውን ሲተፋ፣ ጎርቴክሱ እስከ ማታ ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ውሃው ብዙ ጊዜ የሚገባው ደግሞ ከወንዝ ሳይሆን ከሱሪ ነው፤ በጤዛ የራሰ ሱሪ ወደ ካልሲ፣ ካልሲው ወደ ውስጥ ይስበዋል። ገምባሌ ከሱሪው ውጭ አድርጎ ቡቱ ላይ ማጥበቅ ይህን ያስቀራል።

ጥልቅ ጅረት መሻገር ግድ ከሆነ ካልሲውንና የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ቡቱን በባዶ እግር ይጫሙ። የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ይፍቱ፤ ከወደቁ በቶሎ መውለቅ አለበት። ከተሻገሩ በኋላ ቡቱን ደፍተው፣ እግር አድርቀው ደረቁን ካልሲና ንጣፍ ይመልሱ። በረዶ የሚመግበው ጅረት ከሰዓት በኋላ ስለሚሞላ መሻገሪያው ጠዋት ይሁን። ከፏፏቴ አናት አጠገብ ግን በፍጹም አይሻገሩ።

ፏፏቴ አጠገብ ሰውን የሚጥለው የሶሉ ጉዳይ ነው፣ ሻጮች ግን ስለ ሽፋኑ እንጂ ስለ ሶሉ ብዙም አያወሩም። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ሶል ጭቃን ይነክሳል፤ ርጥብ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ግን የሚይዘው የጎማው ልስላሴና ድንጋዩን የሚነካው ስፋት ነው። ጎማውን በጥፍር ይጫኑት፤ ትንሽ ከሰረጎደ ለድንጋይ ይሆናል፣ ቶሎ ማለቁ ግን አይቀርም። ጭራሽ የማይበገር ከሆነ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ርጥብ ድንጋይ ላይ ይከዳል። የፏፏቴው ፍንጣቂ በሚደርስበት ቦታ፣ አልጌ የለበሰ ድንጋይ ላይ፣ የትኛውም ጎማ አይታመንም። እዚያ ሸካራና ደረቅ ድንጋይ እየመረጡ፣ በምርኩዝ እየተደገፉ አጭር አጭር ይራመዱ።

ልኩን እግር ባበጠበት ምሽት፣ በጉዞው ካልሲ ይሞክሩ። የእግር ጣቶችን ወደፊት ገፍተው ከተረከዙ ኋላ አንድ የእጅ ጣት ካልገባ፣ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል።

የራሰን ቡት እሳት ዳር ማድረቅ ሙጫውን ያላቅቃል፣ ቆዳውንም ይሰነጥቃል። ንጣፉን አውጥቶ ጋዜጣ መጠቅጠቅና ሲርስ መቀየር ይሻላል። ውጨኛው ጨርቅ ውሃ ማንጠባጠቡን ትቶ መምጠጥ ከጀመረ ሽፋኑ ባይቀደድም ላቡ መውጫ ያጣል፤ ሰዎች «አፈሰሰ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። አጥቦ ውሃ የሚገፋ ቅባት መርጨት ያስተካክለዋል። ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ቡትም ካለ፣ ከመሄድዎ በፊት በሶሉ ታችኛ ጎማና በእግር መካከል ያለውን ንጣፍ በአውራ ጣት ይጫኑት። ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ አረፋ የተሠራ ከሆነ በእርጥበት ይበሰብሳልና መንገድ ላይ ሊላቀቅ ይችላል።

እኛ ይህን ቡት የምንወድበት ትልቁ ምክንያት ለአበባው ነው። መንገዱ ሲጨቀይ ስስ ጫማ ያደረገ ሰው ዳር ዳሩን ሲሄድ መስኩን ይረግጣል፤ ከፍታ ላይ የሚበቅል ተክል የሚያድግበት ወቅት አጭር ስለሆነ ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ቡት ያደረገ ጭቃውን በመሃል ያልፋል። ነገር ግን የሶሉ ጥርሶች ዘር ይሸከማሉና፣ ወደ ሌላ ተራራ ከመሄድ በፊት ጭቃውን በብሩሽ ፍቀው እዚያው የተነሱበት ቦታ ይተዉት።