አዲስ ስማርት ስልክ በቅድመ ክፍያ ወይስ በድህረ ክፍያ? ለድሬዳዋ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

በድሬዳዋ አዲስ ስማርት ስልክ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው፣ ስለ ካሜራውና ስለ ባትሪው ነው፤ አገልግሎቱን በምን ዓይነት አከፋፈል እንደሚያገኝ የሚያስበው ብዙውን ጊዜ ስልኩ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ገዢውን ላላሰበው ወጪ ስለሚዳርገው፣ ካርድ እየተሞላ የሚሠራውን ቅድመ ክፍያና ሂሳቡ በወሩ መጨረሻ የሚመጣውን ድህረ ክፍያ ከአዲስ ስልክ ፍላጎት አንጻር ማነጻጸር ይገባል።

በኔትወርክ በኩል የሚያሳስብ ልዩነት የለም፤ ሁለቱም ዓይነት ደንበኞች የሚገለገሉት በአንድ ማማ ነው። የአራተኛው ትውልድ ኢንተርኔት መምጣት አለመምጣቱን የሚወስኑት ስልኩ ራሱ፣ አካባቢውና ሲም ካርዱ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ሲም ካርድ አዲስ ስልክ ውስጥ ገብቶም በሦስተኛው ትውልድ ብቻ ሊሠራ ስለሚችል፣ ስልኩን ከመውቀስ በፊት ቁጥሩን ሳይለውጡ ካርዱን ማስቀየር ይበጃል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አዲስ ስልክ እንደተከፈተ የጉግል አካውንት ይጠይቃል፤ የቀድሞውን ስልክ መተግበሪያዎች አንድ በአንድ ያወርዳል፤ ፎቶዎችን ይመልሳል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት የሚበልጥ የሲስተም ማሻሻያ ይጀምራል። የቀን ጥቅል የገዛ የቅድመ ክፍያ ደንበኛ ጥቅሉ ገና በጠዋቱ ሊያልቅበት ይችላል፤ ዳታው ካልተዘጋም ፍጆታው ከዋናው ሂሳብ መቁረጡን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሲም ካርዱ ከመግባቱ በፊት በፕሌይ ስቶር ማስተካከያ ውስጥ የመተግበሪያ ማሻሻያዎች፣ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ የሲስተም ማሻሻያው በዋይፋይ ብቻ እንዲወርዱ ማድረግ ያስፈልጋል። በድህረ ክፍያ ይኸው ፍጆታ አይቋረጥም፤ የሚታወቀው ግን ሂሳቡ ሲመጣ ነው። በእኔ እምነት ገቢው ከቀን ቀን ለሚለዋወጥ ሰው ከተሞላው ካርድ በላይ ዕዳ አለመኖሩ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ መቋረጡ ቢያናድድም ለማይታወቅ ሂሳብ አያጋልጥም።

ቅድመ ክፍያ በእርግጥ የሚደክመው በስልኩ ዋጋ ላይ ነው። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቴሌኮም ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በኩል ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ከ499 ዶላር ይጀምር ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው አይፎን 3ጂ ግን የሁለት ዓመት ውል ለፈረመ ሰው በ199 ዶላር ተሸጠ። ስልኩ በርካሽ ስለተሠራ አልነበረም፤ ቀሪውን ኩባንያው ከፍሎ በወርሃዊ ክፍያ ስለሚያስመልሰው ነበር። የቅድመ ክፍያ ደንበኛ በማንኛውም ቀን ትቶ መሄድ ስለሚችል፣ ኩባንያው ለእሱ ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. የጀመረው አሠራር ሦስተኛ መንገድ አሳይቷል፦ ደንበኛው በቅድመ ክፍያ እንደሆነ ጥቂት ቀብድ ከፍሎ፣ ቀሪውን፣ አሠራሩ ሲጀመር በቀን ከ20 ሽልንግ ጀምሮ፣ እየከፈለ የአራተኛው ትውልድ ስልክ ይወስዳል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ይቆለፋል። እንዲህ ያለ የዱቤ ስልክ የቀረበለት የቀፊራ ገበያ ነጋዴም ሆነ የባጃጅ ሹፌር የቀኑን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ቀብዱንና የክፍያ ቀኖቹን ሁሉ ደምሮ ከእጅ በእጅ ዋጋው ጋር ማስተያየት አለበት። የቀኑ ክፍያ ትንሽ መምሰሉ ድምሩን እንዳይሸፍነው እሰጋለሁ።

ለድሬዳዋ ነዋሪ ቅድመ ክፍያን የሚያስመርጥ ሌላም ነገር አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጀመረው በዚህችው ከተማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባለ ሁለት ሲም ስልክ የያዘ ሰው በኢትዮ ቴሌኮሙ 09 እየተደወለለት በሳፋሪኮሙ 07 ኢንተርኔት መጠቀም፣ ወይም የሳምንቱን ጥቅል ከረከሰበት ወገን መግዛት ይችላል። ሳቢያን ሰፈር ላይ የሚደክመው ኔትወርክ ከዚራ ሰፈር ላይ ሊበረታ ስለሚችል፣ ሁለቱን በቤትና በሥራ ቦታ ሞክሮ መወሰን ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። ቴሌብርና ኤምፔሳ ስላሉም ካርድ ፍለጋ ሱቅ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። በድህረ ክፍያ የታሰረ ደንበኛ ግን ጥቅሉ ቢወደድበትም ሂሳቡ እዚያው ይቆያል።

ድህረ ክፍያ የሚሻለው ሂሳቡን መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለት፣ ወይም ጥሪው በምንም ምክንያት መቋረጥ ለሌለበት፣ ለምሳሌ በጅቡቲ መስመር ዕቃ ለሚያስጭን ሰው ነው። ቋሚ ደመወዝ ብቻውን በቂ ምክንያት አይመስለኝም።

ከውጭ አገር በዘመድ የሚላኩና በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የሚሸጡ ስልኮች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በአሜሪካ በውል የተሸጠ ስልክ ለዚያው ኩባንያ ኔትወርክ ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ስልክ ቁልፉ እስኪፈታ በቅድመ ክፍያም ሆነ በድህረ ክፍያ እዚህ አይሠራም። በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጡት ደግሞ የሲም ካርድ ማስገቢያ ስለሌላቸው በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው በስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ይሠራሉ። ስለዚህ ገዢው የራሱን ሲም ካርድ ይዞ ሄዶ፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሻጩ ፊት አስገብቶ መደወል፣ ዳታ ከፍቶ አንድ ገጽ ማየት፣ *#06# ብሎ የሚወጣውንም የስልኩን መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር አለበት።