ለጁን 16 ምን እንልበስ? ከማክሆሳ ሹራብ እስከ ሽዌሽዌ ቀሚስ

ጁን ሲገባ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል፤ ፀሐይዋ ደምቃ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም። ደቡብ አፍሪካ የወጣቶች ቀኗን የምታከብረው በዚህ ብርድ መካከል፣ ጁን 16 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 9። ባለፈው ዓመት ከልጄ ትምህርት ቤት አንድ ወረቀት መጣ። ከበዓሉ በፊት ባለው ዓርብ ልጆቹ በአገር ውስጥ ዲዛይነር ወይም በሰፈር ልብስ ሰፊ የተሠራ ነገር ለብሰው እንዲመጡ ይጠይቃል። ወረቀቱን ይዤ ሦስት ቅዳሜ ስዞር ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ የአገሬ ልጆች "ምን እንግዛ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትንና በእጄ የዳሰስኩትን አንድ ላይ አስቀምጣለሁ።

ቀኑን ሳያውቁ ልብሱን መምረጥ አይቻልም። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጁን 16 ቀን 1976 ጠዋት በሺዎች የሚቆጠሩ የሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። የአፓርታይድ መንግሥት ሒሳብንና ማኅበራዊ ትምህርትን በአፍሪካንስ ቋንቋ ካልተማራችሁ ብሎ አስገድዷቸው ነበር። ፖሊስ ተኮሰ፤ የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ወደቀ። ሳም ንዚማ ያነሳውን ፎቶግራፍ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ምቡዪሳ ማኩቦ ልጁን ታቅፎ ሲሮጥ፣ የሄክተር እህት አንቷኔት እጇን ዘርግታ እያለቀሰች ከጎኑ ስትሮጥ። ሰዎች ብዙ ጊዜ ልብ የማይሉት የለበሰችውን ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ቀኑ ከ1995 ጀምሮ እዚህ የሕዝብ በዓል ሆኗል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ብሎ ስለሰየመውና ከ1991 ጀምሮ ስለሚከበር አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቀኑን በዚያ ስሙ ያውቀዋል።

ስለዚህ የዚህ በዓል የመጀመሪያ ልብስ ዩኒፎርም ነው። ዛሬም በዕለቱ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላቸው ሰዎች የድሮ ክራቫታቸውን አስረው፣ ግራጫ ቀሚስና ነጭ ካልሲ አድርገው በታክሲ ሲሄዱ ታያላችሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቀኑ ጋር የተሳሰረ ነው። እዚህ አገር የተማረ ሰው ሌላ ልብስ ከመግዛቱ በፊት ይህንን ያስብ እላለሁ። ለእኛ ግን አይሆንም፤ እኔ የለበስኩት ዩኒፎርም የሌላ አገር ትዝታ ነው፣ ልጄ ደግሞ ዩኒፎርሟን በየቀኑ ትለብሰዋለች።

እያንዳንዱን ልብስ ስመለከት ራሴን የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። ብርዱን ይችላል? ጁን 17 እና ከዚያም በኋላ ይለበሳል? ገንዘቡስ የሚደርሰው ማን እጅ ነው? ከሦስቱ ለእኔ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ወጣቶችን በሚያስታውስ ቀን የለበስኩት ልብስ ለአንድ የአገሩ ወጣት እንጀራ ካልሆነ በዓሉን አክብሬያለሁ ለማለት እቸገራለሁ።

ሹራብ ወይስ ሽዌሽዌ

አብዛኛው ሰው በመጨረሻ የሚያመነታው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

ማክሆሳ የተባለውን የሹራብ ድርጅት የመሠረተው ላዱማ ንጎኮሎ ነው። ሥራው የተጀመረው በቀጥታ ከወጣቶች ጉዳይ ነው። የክሆሳ ሕዝብ ወንድ ልጅ ከግርዘት ሥርዓቱ ተመልሶ ሰው ሲሆን የልጅነት ልብሱን ይተዋል፤ ለወራት አዲስና ጨዋ ልብስ ይለብሳል። ቤተሰቦች ለዚህ ይገዙ የነበረው ከባሕር ማዶ ጥለት የተቀዳ ሹራብ ነበር። ላዱማ ራሱ በዚህ ሥርዓት ያለፈ ልጅ ነውና፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለ "ለምን የራሳችን የዶቃ ጥለት በሹራቡ ላይ አይሠራም?" ብሎ ተነሳ። ሹራብ መሥራት ያስተማረችው እናቱ ናት። ክሩ ሱፍና ሞሄር ነው፤ ሞሄር የአንጎራ ፍየል ጸጉር ሲሆን ደቡብ አፍሪካ በዓለም ቀዳሚ አምራች ናት። ሹራቡን በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፣ ሲለብሱት ግን ይቀልላል፤ ለጁን ብርድ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ለሠርግም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለሥራም ይለበሳል።

ችግሩ ዋጋው ነው። አንዱ ሹራብ በሺዎች የሚቆጠር ራንድ ይጠይቃል። በየዓመቱ ቁመት ለሚጨምር ልጅ ይህን ማውጣት አልመክርም። ለአዋቂ ግን፣ በተለይ አሥር ዓመት እለብሰዋለሁ ብሎ ለሚገዛ፣ ገንዘቡ አይባክንም። ከአያያዙ አትስነፉ፤ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት እጅጌው ጉልበት ድረስ ይወርዳል።

ሽዌሽዌ ሌላ ዓለም ነው። ስሙ ከባሶቶው ንጉሥ ከሞሾሾ ቀዳማዊ ጋር ይያያዛል። ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ በሰማያዊ፣ በቡናማ ወይም በቀይ መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብና አበባ ተበትኖበታል። እውነተኛው የሚታተመው በምሥራቅ ኬፕ፣ ዝዌሊትሻ በሚገኘው የዳ ጋማ ፋብሪካ ነው። የታወቀው ምልክት ሦስት ድመቶች ነው፤ ድሮ እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ይሠራ የነበረ ሲሆን በ1992 መብቱ ተገዝቶ የመዳብ ሲሊንደሮቹ ወደዚህ መጡ።

ሰፈራችን ውስጥ ማማ ብዬ የምጠራቸው ልብስ ሰፊ አሉ። ለልጄ ጨርቅ ልንገዛ ፎርድስበርግ፣ ኦሪየንታል ፕላዛ አብረን ሄድን። ሻጩ ሁለት ጣቃ አወረደልን፤ ለእኔ ዓይን ሁለቱም አንድ ነበሩ። ማማ የአንዱን ጠርዝ ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉና በምላሳቸው ነኩት። ደነገጥኩ። "ቅመሺው እንጂ አትጠይቂኝ" አሉኝ። ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። ሌላው ምንም ጣዕም የለውም። ጨርቁ ሲመረት በስታርች ተቀብቶ ይደርቃል፤ ያ ጨው ጨው የሚለው ጣዕም የዱሮ ገዢዎች እውነተኛውን ከአስመሳዩ የሚለዩበት ነው። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ፤ ማኅተሙ አለ። ሽሮ ሜዳ ጥለት ገልብጣ ከውስጥ ክሩን የምታይ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ስታርቹ ጨርቁን እንደ ካርቶን ያደርቀዋል፣ ሽታውም የራሱ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይለሰልሳል፤ ከዓመታት በኋላ እንደ ዱሮ ጋቢ ገላ ላይ የሚተኛ ይሆናል። ስትገዙ ሦስት ነገር አትርሱ። ስፋቱ 90 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሌላ ጨርቅ ይልቅ ብዙ ሜትር ይፈጃል፤ ልብስ ሰፊያችሁን ሳትጠይቁ አታስቆርጡ። ከመቀስ በፊት ይታጠብ፤ ካልሆነ ቀሚሱ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል። ሰማያዊው መጀመሪያ ላይ ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው ይዘፍዘፍ። ብርዱን በራሱ አይችልም፤ ማማ ለልጄ ወፍራም ገበር አስገብተው ከሥር ሹራብ እንድትለብስ አንገቱን ሰፋ አድርገው ቆረጡላት። ጫፉንም አራት ጣት ያህል አጠፉት፤ ዘንድሮ አንዱን እጥፋት ፈተውላት ያው ቀሚስ ሆኗታል።

ስለዚህ ለልጅ ምርጫዬ ያለ ምንም ማመንታት ሽዌሽዌ ነው። ጨርቁም ስፌቱም ተደምሮ ከአንድ ማክሆሳ ሹራብ ዋጋ እጅግ ያንሳል፤ ገንዘቡ ፋብሪካው ላለባት ከተማና ለሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ይከፋፈላል። ለጎረምሳ ወንድ ልጅ ሙሉ ልብስ ካስቸገረ ሸሚዝ ወይም የጃኬት ኮሌታ ብቻ በሽዌሽዌ ማሠራት ያምርበታል።

ታሪክ የሚናገሩ ልብሶች

ከኪምበርሊ የተነሳው ዲዛይነር ቴቤ ማጉጉ በ2019 የፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃ ድርጅት ኤል ቪ ኤም ኤች ለወጣት ዲዛይነሮች የሚሰጠውን ሽልማት በማሸነፍ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። በእሱ ሥራ የምወድለት ታሪክን ጨርቁ ውስጥ ማስገባቱን ነው። በአንድ ስብስቡ በአፓርታይድ ዘመን ሰላይ የነበሩ ሴቶችን ታሪክ ሲያነሳ፣ ከሩቅ ተራ ነጠብጣብ የሚመስለው ሕትመት ቀረብ ሲሉት የአንዲቱ ሰላይ የጣት አሻራ ነው። ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ የተያያዙበት ምልክቱም ይታወቃል። ሲንዲሶ ኩማሎ ደግሞ አርክቴክቸር የተማረች ናት፤ የጨርቆቿን ሥዕል ራሷ ትሥላለች፣ ስብስቦቿን በታሪክ ለሚታወቁ ጥቁር ሴቶች መታሰቢያ ታደርጋለች፣ ከእጅ ሥራው የተወሰነውንም ከሴተኛ አዳሪነት የወጡ ሴቶች ይሠሩላታል። እንደ እኔ ሐሳብ ከሁለቱ የኩማሎ ቀሚስ ለበዓል የበለጠ ይሄዳል፤ የማጉጉ ሸሚዝና ጃኬት ደግሞ ለሥራ። ሁለቱም ግን የኪስን አቅም ይፈትናሉ፣ ጨርቆቻቸውም ብዙዎቹ ለጁን ስስ ናቸው። በዕለቱ አደባባይ ወጥታችሁ የምትውሉ ከሆነ አይመከርም።

ጂንስ፣ ጫማና ካናቴራ

ለወጣቶች ራሳቸው፣ በተለይ ቀሚስም ሹራብም ለማይፈልግ የ17 ዓመት ልጅ፣ የጼፖ ሞህላላ ጂንስ ጥሩ መንገድ ነው። በላዩ ያለው ባለ ሦስት ጫፍ ዘውድ ያሳደጉትን ሦስት ሴቶች፣ እናቱን፣ አያቱንና አክስቱን ያመለክታል። ቲዎ ባሎዪ አሌክሳንድራ ሰፈር በ2015 የጀመረው ባቱ ጫማም አለ፤ ስሙ በሰፈሩ ቋንቋ ጫማ ማለት ነው። ሁለቱም በየቀኑ የሚለበሱ ናቸው፤ ከታወቁት የውጭ ምርቶች ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው አያስደነግጥም።

በካናቴራ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በ2000 የተመሠረተው ስቶንድ ቼሪ የተባለው የንኬንሳኒ ንኮሲ የልብስ ድርጅት የፀረ አፓርታይድ ታጋዩን የስቲቭ ቢኮን ፊት በካናቴራ ላይ ሲያወጣ ትልቅ ነገር ነበር፤ የ1976ን ተማሪዎች ያነቃቃ ሰው ወደ ልጆቹ ደረት ተመለሰ። አሁን በጁን ሳምንት መንገድ ዳር የሚሸጠው ሌላ ነው። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የሄክተርን ፎቶ የያዘ ካናቴራ በሁለተኛው እጥበት ፊቱ ተሰነጣጥቆ ተላጠ። ያንን ፊት ተልጦ ማየት ከባድ ነው፤ ሁለተኛ አልገዛም።

ጄፒ ላይ ስላለው ነገር

ይህን ሳልናገር ባልፍ ለራሴ እዋሻለሁ። ጄፒ በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ ያለ የእኛ የሐበሾች ሰፈር ነው፤ መንገዱ ስሙ ተቀይሮ ራሂማ ሙሳ ቢባልም ለእኛ ያው ጄፒ ነው። ድሮ ሐኪሞች ይሠሩባቸው የነበሩትን ፎቆች በትናንሽ ሱቆች ሞልተን ከመላ አገሪቱ ለሚመጣ ነጋዴ ልብስ እንሸጣለን። እኔም ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ቤተሰብም የኖረው በዚያ ነው። ነገር ግን የክሆሳን የዶቃ ጥለት አስመስለው ያተሙ ሹራቦች በመሃል ከተማው ሱቆች በርካሽ ይገኛሉ። ላዱማ በ2018 ዛራ ጥለቴን ቀድቷል ብሎ በአደባባይ ተናግሮ ካልሲዎቹ ከሽያጭ ተነሥተዋል፤ የእኛ ሱቅ ትንሽ ስለሆነ ነገሩ የተለየ አይሆንም።

ለመለየት ከባድ አይደለም። ልብሱን ገልብጡት። ጥለቱ አብሮ ተሠርቶ ከሆነ ከውስጥ በኩል ባለ ቀለሙ ክር ሲሻገር ይታያል፤ ታትሞበት ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። ከዚያ በሁለት እጅ ወጠር አድርጉት፤ የታተመው ሲወጠር በመሃሉ ነጭ ይገለጣል። ርካሽ ነገር ከፈለጋችሁ ምንም ጥለት የሌለበት ወፍራም ሹራብ ከጄፒ ግዙ፤ ብርዱን ይከላከላል፣ የማንንም ሥራ አይወስድም፣ ከላዩ የሽዌሽዌ ሻሽ ቢጣልበት ያምራል።

የአገራችንን ቀሚስ ብናለብሳቸውስ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም መልስ አለኝ። የሀበሻ ቀሚስ ለሜይ 25 ይቆይ፤ የአፍሪካ ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 አዲስ አበባ የተመሠረተበት ነውና በዚያ ቀን ልጆቻችን በጥበብ ደምቀው ቢሄዱ ያኮራል። ጁን 16 ግን የሶዌቶ ልጆች ቀን ነው፤ እንግዳ ሆነን በሄድንበት ቤት ልብሳቸውን እንልበስላቸው።

በሽዌሽዌ የምትወስኑ ከሆነ አትዘግዩ። ማማ በጁን የመጀመሪያ ሳምንት አዲስ ሥራ አይቀበሉም፤ ማሽናቸው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የልጆች ቀሚስ እስከ ትከሻ ድረስ ይከመራል። ጨርቁን በኤፕሪል ገዝታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ልኬቱን በሜይ አጋማሽ አስወስዱ።